ማይክ ኬብሌ ይጮሃል፦ ችግሩ ሽቦው ነው ወይስ የቤቱ መብራት?

ባለበገናዋ

ሰላም ለሁላችሁም። አባቴ በገና ደርዳሪ ነው። ዓቢይ ጾም ሳይገባ ድምፁን በሥርዓቱ ልቀዳው እፈልጋለሁ። ዕድሜው እየገፋ ነው፤ ጣቶቹም እንደ ድሮው አይታዘዙለትም። ስለዚህ ለከርሞ ማሳደር አልፈልግም።

ያለኝ ዕቃ ብዙ አይደለም። ሁለት ማይክ ተቀብሎ ድምፁን ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባ ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ አንድ ዳይናሚክ ማይክ፣ ላፕቶፕ። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ኬብሎቼ ሁለት ናቸው። አንዱ ሦስት ሜትር ገደማ ነው፤ ማይኩን ስገዛ አብሮ የመጣ። ሌላው አሥር ሜትር ነው፤ መርካቶ የገዛሁት። አባቴ የሚደረድረው መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። ላፕቶፑን የማራገቢያው ድምፅ እንዳይገባ ሳሎን አስቀምጠዋለሁ። ስለዚህ የግድ ረጅሙ ያስፈልገኛል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በረጅሙ ኬብል ስቀዳ ከሥር "እምምም" የሚል ድምፅ አለ። በገና ደግሞ ረጋ ብሎ የሚሰማ መሣሪያ ስለሆነ ጌኑን (የማይኩን ድምፅ ማጉያ) ከፍ ማድረግ አለብኝ። ጌኑ ሲጨምር ጩኸቱም አብሮ ይጨምራል። ኬብሉ ከኤክስቴንሽኑ ጎን ሲያልፍማ አይጣል ነው። አጭሩ ኬብል ላይ ግን ይሄ የለም። እሱ ላይ የምሰማው የላፕቶፑ ቻርጀር ሲሰካ የሚመጣ ቀጭን "ዝዝዝ" ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። የጓደኛዬን ኮንደንሰር ማይክ ተውሼ ሞክሬ ነበር። በአጭሩ ኬብል፣ ኢንተርፌሱ ለእንዲህ ያለ ማይክ የሚልከውን 48 ቮልት ሳበራ አሪፍ ሠራ። በረጅሙ ግን ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፤ ይቆራረጣል።

ጩኸቱን በኢኮላይዘር ለመቁረጥም ሞክሬያለሁ። ከጩኸቱ ጋር የበገናው ወፍራም ድምፅም አብሮ ሄደብኝ። አንድ ሻጭ "ጫፉ ወርቅ ቅብ የሆነ ውሰጂ" አለኝ። ሌላው የጃፓን ኬብል ካልሆነ ለቀረጻ አይሆንም አለኝ፤ ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ጥሩ ኬብል በምንድን ነው የሚታወቀው? ብሬን ኬብል ላይ ላውለው ወይስ ሌላ ነገር ላይ?

ቢት በየቀኑ

እህት፣ መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀይና በባትሪ ቅጂ። ያ "ዝዝዝ" ወዲያው ይጠፋል። እኔ ቤት በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ስልክሽንም ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው። ስልክ ከመጥራቱ በፊት ኬብሉ ውስጥ "ትትትት ትትትት" እያለ ይገባል፤ ጥሩውን ቅጂ ያበላሽብሻል። ረጅሙን ኬብል ግን ጣይውና ሌላ ግዢ፤ ምን ያደርግልሻል?

የድሮ ቴክኒሽያን

እህቴ፣ ለአባትሽ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። በገና ደርዳሪ አባት ያለው ሰው ይህን መጠየቁ ራሱ ደስ ይላል። ኬብል መጠገንና መበየድ እንጀራዬ ነው፤ የስቱዲዮም፣ የሠርግ ሳውንድም፣ የቤተ ክርስቲያንም ኬብል በእጄ ያልፋል። ስለዚህ ትንሽ ላርዝም።

ከጻፍሽው ሁሉ ዋናው መሃል ላይ የጣልሽው ነገር ነው። ኮንደንሰሩ በአጭሩ ኬብል ሠርቶ በረጅሙ እምቢ ማለቱ። የቤቱ መብራት ከሆነ ሁለቱም ላይ ነበር የሚያስቸግርሽ። ያንቺ ችግር ረጅሙ ኬብል ሆድ ውስጥ ነው። ገና ሳትጥይው ክፈችው።

ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ላስረዳሽ። የማይክ ኬብል ጫፍ (ኤክስኤልአር ይባላል) ሦስት ፒን አለው። ቁጥሩ ከፒኖቹ አጠገብ በደቃቁ ተጽፏል፤ በስልክሽ መብራት ታይዋለሽ። 1 ሺልዱ ነው፤ ማለትም ሽቦዎቹን ዙሪያውን የሚሸፍነው መዳብ። 2 እና 3 ድምፁን የሚሸከሙ ሁለት ሽቦዎች ናቸው። ኢንተርፌስሽ የሚያነበው በ2 እና በ3 መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ማይኩ ድምፁን በሁለቱ ላይ ተቃራኒ አድርጎ ይልካል። ከውጭ የሚመጣው የመብራት ጩኸት ግን ሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል። እኩል ከሆነ ልዩነቱ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ይጠፋል። ባላንስድ የሚሉት ይሄ ነው። አሥር ሜትርም ሃምሳ ሜትርም ቢሆን ያለ ጩኸት የሚያስኬደው ይህ ዘዴ እንጂ የኬብሉ ውፍረት አይደለም።

48 ቮልቱም በእነዚሁ ሦስት ፒኖች ነው የሚመላለሰው። በ2 እና በ3 እኩል ይወጣል፤ በ1 ይመለሳል። ከሦስቱ አንዱ ከተበጠሰ ወይም ካለቦታው ከተገናኘ ኮንደንሰሩ ይራባል። ዳይናሚክ ማይክ ግን ይህን መብራት ስለማይፈልግ በተበላሸ ኬብልም ድምፅ ይሰጣል። ሰዉ "ኬብሉ እኮ ይሠራል" የሚለው ለዚህ ነው። ይሠራል፤ ግን ጩኸቱን የሚያጠፋው ዘዴ ሞቷል።

የጩኸቱን ጉልበት ደግሞ አስቢው። ዳይናሚክ ማይክ አፍ አጠገብ ተይዞ እንኳ የሚያወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ነው። በገና ፊት ሲሆን ከዚያም ያንሳል። 60 ዲቢ ጌን ስትሰጭው 1000 ጊዜ እያጎላሽው ነው። ግድግዳሽ ውስጥ ያለው መብራት 220 ቮልት ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ከእሱ ቅንጣት ታህል ብትገባ እሷም 1000 ጊዜ ትጎላለች። ጩኸቱ 50 ላይ ብቻም አይቆምም፤ 100 እና 150 ኸርዝ ላይም ይወጣል። የበገና ወፍራም ድምፅ ሠፈሩ እዚያው ነው። ኢኮላይዘሩ ሁለቱን አብሮ የወሰደብሽ ለዚህ ነው። በገና ሲቀዳ ጩኸት ከምንጩ መድረቅ አለበት፤ ኋላ የሚደረግ ጽዳት አያዋጣም።

አሁን ወደ ሥራ። የጫፉን ጅራት በእጅሽ ወደ ግራ አዙሪው፤ ብዙዎቹ ይፈታሉ። ትንሽ ብሎን ካለው በቀጭን ካቻቪቴ ፍቺ። ውስጡን ተመልከች። ማየት ያለብሽ ሁለት ባለ ቀለም ሽቦዎች እና አንድ ተጠቅልሎ የመጣ እርቃን መዳብ ነው። እርቃኑ 1 ላይ፣ ሁለቱ ባለ ቀለሞች 2 እና 3 ላይ። እኔ የምጠረጥረው ከሁለቱ አንዱን ነው። አንደኛው፣ ሺልዱ ከ1 ተነቅሏል። ሁለተኛው፣ ውስጡ ያለው ባለ ቀለም ሽቦ አንድ ብቻ ነው፤ 3ን ደግሞ በአጭር ሽቦ ከ1 ጋር አገናኝተውታል። ሁለተኛው ከሆነ ያ ኬብል ጫፉ የማይክ ይሁን እንጂ ሥራው የጊታር ኬብል ነው። ሽቦ ለመቆጠብ ሲሉ እንዲህ የሚሠሩ ሞልተዋል፤ ሕዝቡን ጎድተውታል።

ቴስተር ካለሽ ድምፅ በሚያሰማበት ቦታ ላይ አድርጊው። ማይኩንም ኢንተርፌሱንም ነቅለሽ የኬብሉን ሁለት ጫፎች ለኪ። 1 ከ1፣ 2 ከ2፣ 3 ከ3 "ጢጥ" ማለት አለባቸው። 1 ከ3 ጋር ጢጥ ካለ ወንጀለኛው ተያዘ። እየለካሽ ኬብሉን ጫፉ አካባቢ ወዝወዝ አድርጊው። እዚያ ላይ ጢጡ ከተቆራረጠ ውስጡ ሊበጠስ የደረሰ ሽቦ አለ።

ጥሩ ኬብል በምን ይታወቃል ላልሽው፣ ስሙን ሳይሆን ሆዱን ማየት ነው። ሺልድ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ነው፤ ጥብቅ ብሎ ከተሠራ ቢታጠፍም ቢረገጥም ቦታውን አይለቅም። ሁለተኛው ዙሪያውን የተጠመጠመ ነው። ለመበየድ ይቀላል፤ ኬብሉም ልስልስ ይላል። ነገር ግን በርካሹ ላይ ሽቦዎቹ የተራራቁ ናቸው፤ ኬብሉን ስታጥፊው ከፈት ብሎ ውስጡ ይታያል። ሦስተኛው ፎይል ነው። ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ግን መተጣጠፍ አይወድም። ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ለሚቀር ኬብል ይሁን፤ በየቀኑ ለሚጠቀለል አይሁን።

ግን ሺልድ ሁሉን አያደርግም፤ እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያም ይሳሳታል። ሺልዱ የሬዲዮና የስልክ ሞገድን፣ በአየር የሚመጣውንም የኤሌክትሪክ ጩኸት ይመክታል። ከትራንስፎርመር፣ ከአዳፕተር፣ ከኤክስቴንሽን የሚወጣውን የ50 ኸርዝ መግነጢስ ግን ቀጭን መዳብ አያቆመውም። እሱን የሚያሸንፈው የሁለቱ ሽቦዎች መገመድ ነው። እርስ በርስ ጥብቅ ብለው ሲገመዱ መግነጢሱ ሁለቱን እኩል ይነካቸዋል፤ እኩል ከሆነ ደግሞ ኢንተርፌሱ ይሰርዘዋል። ስለዚህ ስትገዢ ሻጩ ጫፉን ይክፈትልሽ፤ ውስጥ ያሉት ሁለት ሽቦዎች የተገመዱ ይሁኑ።

መዳቡንም ፈትኚው። አንድ ክር መዘሽ በምላጭ ፋቅ አድርጊ። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ወይም ብረት ነው፤ መዳቡ ቅብ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሽቦ ቶሎ ይሰበራል፤ ብየዳም በደንብ አይቀበልም። ማግኔት ከሳበው ብረት ነው። በተቃራኒው ላዩ ነጭ ውስጡ ቀይ ከሆነ አትፍሪ፤ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው፤ ጥሩ ዕቃ ነው።

ወርቅ ቅብ ስላልሽው፣ ወርቅ አይዝግም፤ ጥቅሙ ያ ነው። ጩኸት አያጠፋም። ከወርቁ ይልቅ ጫፉ ሲሰካ ጥብቅ ይበል፤ ጅራቱ ላይ ደግሞ የኬብሉን ላስቲክ ጨምድዶ የሚይዝ መያዣ ይኑረው። መያዣ የሌለው ጫፍ ኬብሉ በተጎተተ ቁጥር ጉተታው ብየዳው ላይ ያርፋል። ኒውትሪክ የሚባለው ጫፍ የተወደደው በዚህ መያዣው ነው። ገበያ ላይ ግን ስሙ የታተመበት አስመስሎ የተሠራ ሞልቷል፤ ስሙን አይተሽ ብቻ አትክፈይ።

ብየዳው ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። ስታኞው (ቀልጦ የሚበይደው ብረት) ፒኑን ሞልቶ፣ ሽቦው ውስጥ ሠርጎ መግባት አለበት። ላዩ ላይ ድብልብል ብሎ ከተቀመጠ ይዟል አይባልም፤ በወሩ ይነቀላል። እኔ የምወደው 63/37 የሚባለውን ስታኞ ነው። በ183 ዲግሪ ቀልጦ እዚያው ይረጋል። ሽቦው ቢንቀሳቀስ እንኳ ለመበላሸት ጊዜ አያገኝም። እርሳስ አለበትና እጅሽን ሳትታጠቢ ምግብ አትንኪ። ከሺልዱ ደግሞ የምትገፊው በተቻለ መጠን ትንሽ ይሁን። ረጅም ጭራ ሆኖ ከቀረ የስልክ ሞገድ የሚይዝ አንቴና ይሆናል።

የቻርጀሩ ነገር ሌላ ችግር ነው፤ ወንድማችን ያለሽ ትክክል ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደውን የደህንነት ሽቦ) ካላገኘ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ላፕቶፑ አካል ያሾልካል። ብረት ላፕቶፕ ላይ እጅሽን ስታንሸራትቺ የሚነዝርሽ እሱ ነው። ቤታችን ደግሞ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ኖሮት ግራውንዱ የትም ያልተገናኘበት ጊዜ ብዙ ነው። ለቀረጻው ሰዓት በባትሪ መሥራት ይበቃሻል። ለዘለቄታው ግን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተሽ አስለኪ። እባክሽን፣ ግራውንዱን ከውኃ ቧንቧ ጋር ላያይዝልሽ የሚልሽን አትስሚ። ጩኸት ይጠፋል ብለው የሶኬቱን ግራውንድ የሚቆርጡም አሉ። ያ ፒን የሰው ሕይወት ነው።

ክፈችውና ያየሽውን ጻፊልን።

ከቨርጂኒያ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የመግነጢሱ ነገር ስንት ዓመት ግራ ሲያጋባኝ የኖረ ነው። እኔ እዚህ አሌክሳንድሪያ የቤተ ክርስቲያናችንን መዝሙር ነው የምቀዳው። የኛ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ስለሆነ ጩኸታችን ከእናንተ ትንሽ ቀጠን ይላል እንጂ ያው ነው። አዳራሹ ውስጥ መብራት የሚያደበዝዝ ዲመር አለ። ቅዳሴው ላይ መብራቱን ዝቅ ሲያደርጉት ማይኮቹ ሁሉ "ዝዝዝ" ይሉ ነበር።

የፈታልኝ ስታር ኳድ የሚባለው ኬብል ነው፤ ካናሬ ኤል-4ኢ6ኤስ። ውስጡ ሁለት ሳይሆን አራት ሽቦ ነው፤ ሁለት ነጭና ሁለት ሰማያዊ፣ አብረው የተገመዱ። ሁለቱን ነጭ አንድ ላይ ወደ አንዱ ፒን፣ ሁለቱን ሰማያዊ አንድ ላይ ወደ ሌላው ፒን ነው የምትበይጂው። አንድ ነጭና አንድ ሰማያዊ ካደባለቅሽ ጥቅሙ ሁሉ ይጠፋል፤ ተራ ኬብል ይሆናል። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን።

በሜትር ገዝቶ ራስን መበየድ በጣም ይረክሳል። ሰው ሲመጣ በሻንጣ መላክ ይቻላል፤ ጥቅል ኬብል ክብደቱ ያን ያህል አይደለም። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ስናገኝ ልንተባበር እንችላለን፤ እዚሁ ጻፊልኝ።

ጋሼን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ለቤት ቀረጻ ስታር ኳድ ያስፈልጋታል ይላሉ?

የድሮ ቴክኒሽያን

ወንድሜ፣ ዲመር ባለበት አዳራሽ ጥሩ ምርጫ ነው ያደረግከው። ጄኔሬተር አጠገብ፣ መድረክ ላይ የመብራት ኬብልና የማይክ ኬብል ተያይዘው በሚሄዱበት ቦታ እኔም እሱን ነው የምመርጠው። ለጀሞው ቤት ግን የግድ አይደለም። በደንብ የተገመደ ባለ ሁለት ሽቦ ኬብል፣ ጫፉ በሥርዓቱ ተበይዶ፣ አሥር ሜትር ላይ ዝም ይላል። ኬብሉን ከኤክስቴንሽኑ አንድ ክንድ ማራቅ ብቻ ብዙ ይለውጣል። የግድ መገናኘት ካለባቸው በመስቀል ይተላለፉ፤ ጎን ለጎን አይተኙ። ይሄ ደግሞ ብር አያስወጣም።

ክራር በሰሚት

ጥያቄውን ልቀማ አይደለም፤ ግን የኔም ጉዳይ ይሄው ነው። ክራሬ ላይ ፒየዞ ፒክአፕ (የክራሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ትንሽ ዕቃ) አስገጥሜያለሁ። በጃክ ኬብል በቀጥታ ኢንተርፌስ ውስጥ ስሰካው ይጮሃል፤ ኬብሉን ስረግጠው ወይም ስነቀንቀው ደግሞ "ኮሽ ኮሽ" ይላል። ይሄም ሺልድ ነው?

የድሮ ቴክኒሽያን

ያንተ ከእሷ ይለያል። የክራርህ ኬብል ባላንስድ አይደለም፤ አንድ ሽቦና ሺልዱ ብቻ ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ሺልዱ ዋና ነው፤ ጥብቅ ብሎ የተጎነጎነውን ምረጥ። ፒየዞው ደግሞ ኢምፒዳንሱ በጣም ከፍተኛ ነው፤ ማለትም ምልክቱን የሚገፋበት ጉልበት የለውም። ኢንተርፌሱ ላይ ለመሣሪያ የሚባለውን ቁልፍ ካላበራህ ወፍራሙ ድምፅ ይሞትና ክራሩ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ኬብሉን ከአምስት ሜትር አታስበልጠው። ሩቅ ከሆነ ዲአይ ቦክስ (የመሣሪያውን ምልክት ወደ ባላንስድ የሚቀይር ሳጥን) አጠገብህ አድርግ፤ ከእሱ በኋላ ያለው መንገድ በማይክ ኬብል ይሂድ።

"ኮሽ ኮሽ" የሚለው ኬብሉ ራሱ ነው። ሲታጠፍና ሲረገጥ ውስጡ ሽቦውና ላስቲኩ ይፋተጋሉ፤ ከፍትጊያው ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ የመሣሪያ ኬብል ከሺልዱ ሥር ጥቁር ስስ ልባስ አለው፤ ካርቦን ያለበት ፕላስቲክ ነው፤ ያንን ኤሌክትሪክ ያስወግደዋል። ስትበይድ ግን ተጠንቀቅ። ጥቁሩ ልባስ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከመሃለኛው ሽቦ አካባቢ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ላጠው። ሳይላጥ ቀርቶ ስታኞው ከነካው ድምፁ ደብዝዞ ይመጣል፤ በዓይን ግን ምንም ችግር የለበትም። ክራርና ጊታር ይዘው ከሚመጡልኝ ኬብሎች ውስጥ ይህ ደጋግሞ ያጋጥመኛል።

ባለበገናዋ

ጋሼ፣ ከፈትኩት። እንዳሉት ነው። ውስጡ አንድ ቀይ ሽቦ ብቻ አለ። ቀዩ 2 ላይ ነው፤ ከ1 ወደ 3 ደግሞ ጥፍር የማታህል ሽቦ ተዘርግታለች። በሁለቱም ጫፍ እንደዚያው። ሺልዱ ዙሪያውን የተጠመጠመ ነው፤ ግን በጣም ሳስቷል፤ ቀዩ ላስቲክ በመሃሉ ይታያል። አንዷን ክር በምላጭ ስፍቃት ውስጧ ነጭ ናት። ማግኔት አይስባትም። እናቴ እንኳ አይታ "ይሄን ነው እንዴ በዚያ ዋጋ የሸጡልሽ?" አለች።

እንግዲህ ሁለቱን ጫፎች ላድናቸው እችላለሁ ወይ? ሌላው ጥያቄዬ ቀላል ሊመስል ይችላል። በአጭሩ ኬብል፣ ቻርጀሩን ነቅዬ፣ ስልኬን አጥፍቼ ስቀዳ ጥሩ ነው። ግን አባቴ ሲደረድር አሁንም ከድምፁ ጋር "ዝንንን" የሚል ነገር አለ። ይሄ ከኤሌክትሪኩ ነው ወይስ ከበገናው?

የድሮ ቴክኒሽያን

እህቴ፣ ከበገናው ነው! እሱን እንዳትነኪው። አባትሽ ከአውታሩና ከድልድዩ መካከል የሚያስገባትን ትንሽ ቆዳ ታውቂያታለሽ፤ እንዚራ። አውታሩ እሷን እየነካ ሲርገበገብ ነው ያ "ዝንንን" የሚወጣው። የበገና ነፍሱ እሱ ነው። ለማረጋገጥ አባትሽ ሲደረድር ቆይቶ አውታሮቹን በመዳፉ ይክደናቸው። ያ ድምፅ አብሮ ከቆመ የበገናው ነው። እጁ ክድን ብሎም ከቀጠለ የመብራት ነው።

ጫፎቹን ማዳን ትችያለሽ፤ ፒኖቹ ጥብቅ ካሉና መያዣው ካልተሰበረ። የድሮውን ስታኞ በሙሉ አንሽ፤ ያቺን ከ1 ወደ 3 የምትሄደውን ሽቦ አስወግጂ። ከዚያ ባለ ሁለት ሽቦ የማይክ ኬብል በሜትር ግዢ። አሥራ ሁለት ሜትር ውሰጂ፤ ጥግ ዞሮ ለመሄድ ትርፍ ያስፈልገዋል። ቀለሙን በሁለቱም ጫፍ አንድ አድርጊ፤ ለምሳሌ ነጩ 2፣ ሰማያዊው 3። ብትገለብጪው በአንድ ማይክ ብዙም አይታወቅሽም። ሁለት ማይክ በገናው ፊት ያቆምሽ ቀን ግን አንዱ የሌላውን ወፍራም ድምፅ ይበላዋል። ስትጨርሺ በቴስተር ለኪ፤ ከዚያ ኮንደንሰሩን ሰክተሽ 48 ቮልቱን አብሪ። ከሠራ ኬብሉ ድኗል ማለት ነው።

የቀረውን ቀይ ኬብል ለማይክ ማንም እንዳይጠቀምበት ምልክት አድርጊበት። አዲሱን ደግሞ ክርንሽ ላይ እየጠመጠምሽ አትጠቅልይው። መሬት ላይ በሰፊው ክብ ይጠቅለል፤ አንዱን ዙር ወደ ውስጥ፣ ቀጣዩን ወደ ውጭ እያደረግሽ። ክርን ላይ የሚጠመጠም ኬብል ውስጡ ያለው ግመዳ ይዛባል፤ ሺልዱም ይሳሳል።

መበየጃ ከሌለሽና ሠፈርሽ ካለው ባለሙያ ጋር የምትሄጂ ከሆነ፣ ሲበይድ አጠገቡ ቁሚ። ፒን 1፣ 2፣ 3ን ራስሽ እያነበብሽለት ይሥራ።

ባለበገናዋ

እሺ ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ቅዳሜ መርካቶ እወርዳለሁ፤ ምላጭና ማግኔት በቦርሳዬ ይዤ ነው የምሄደው። ከቨርጂኒያ የጻፍከው ወንድሜ፣ ስለ ስታር ኳዱ አመሰግናለሁ። የሰፈራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ጄኔሬተር አጠገብ ነው የሚዘምረው፤ ለእነሱ ሰው ስታገኝ እንነጋገራለን። ኬብሉ ተበይዶ ሲያልቅ የአባቴን ቀረጻ ትንሽ ቆርጬ እዚሁ እለጥፋለሁ፤ ጩኸት ከሰማችሁበት ንገሩኝ።

ክራር በሰሚት

ጋሼ፣ ልባሱን ላጥኩት፤ እውነትም ስታኞው ነክቶት ነበር። ድምፁ ተመልሷል። ዲአይ ቦክሱን ከጓደኛዬ ተውሼ እሞክራለሁ።